ኮታው ከሞላ በኋላ

በዚህ ሳምንት ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው የዓሣ ጀልባ ተከራይተዋል፤ በጁላይ መጀመሪያ ቼሳፒክ ቤይ ሊወጡ ነው። «ጋሼ፣ የተፈቀደልንን አንድ አንድ ሮክፊሽ በጠዋት ከያዝን በኋላ የቀረውን ሰዓት እየያዝን ብንለቅ ነውር አለው?» ይላል። ሮክፊሽ የሚለው ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው።

በሃያ ምናምን ዓመት የጀልባ ረዳትነት ብዙ ተጠይቄአለሁ። ዋጋው፣ ፈቃዱ፣ ማቅለሽለሹ። ለእነዚያ መልሱ በሁለት ደቂቃ ስልክ ያልቃል። እናንተ የተከራያችኋት ዓይነት ጀልባ ከስድስት በላይ መንገደኛ አትጭንም፤ የማጥመድ ፈቃዳችሁ በጀልባዋ ፈቃድ ይሸፈናል፤ የማቅለሽለሽ ክኒን የሚዋጠው ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ ባሕር ላይ ከታመማችሁ በኋላ ብዙም አይሠራም። ይህኛው ጥያቄ ግን አንድ የቆየ ቀን ቀሰቀሰብኝ።

2016 ዓ.ም. ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ፤ የጁላይ መጨረሻ። ያኔ በሜሪላንድ ውሃ አንድ ሰው በቀን ሁለት ሮክፊሽ ይፈቀድለት ነበር፣ ከ20 ኢንች ካላነሱ። ከዲል ወደብ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ስድስት ደንበኞች፣ ካፒቴኑና እኔ። ነፋስ የሚባል የለም፣ ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። ለቀኑ የተተነበየው ሙቀት 97 ፋራናይት ነበር፣ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ እዚህ የሐሩሩ ጫፍ ነው፣ ባሕሩም አብሮ ይሞቃል።

በሰመር ሮክፊሽ የሚወደው በሕይወት ያለ ማባበያ ስለሆነ ቀኑ የሚጀምረው ስፖት የምትባለውን ትንሽ ዓሣ በመያዝ ነው። ከ3 እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ወለሉ ጠንካራ የሆነ ቦታ ይፈለጋል። 1 አውንስ የእርሳስ ማጥለቂያ ክብደት፣ ከእሱ በላይ ሁለት ቁጥር 8 መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የደም ትል ቁራጭ። ቁራጩ ከተለቀ ስፖቷ ከዳር ከዳር ነክሳ ትጨርሰውና ባዶ መንጠቆ ታወጣላችሁ። ለማባበያ የምትመረጠው 12 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነችው ናት። ከዚያ የምትበልጠውን እኔ ለቤት እወስዳታለሁ፤ ጎንና ጎኗን ሰንጥቆ በጋለ ዘይት ማድረቅ ነው፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የሚበላውን ዓሣ የምታስታውሰኝ እሷ ናት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ያህል ይዘን ውሃ በሚዘዋወርበት ገንዳ ውስጥ አስገባናቸው።

ከዚያ ቤዩን ተሻግረን ወደ ሻርፕስ አይላንድ የመብራት ማማ ሄድን። ማማው በ1970ዎቹ የባሕር በረዶ ገፍቶት እንዳጋደለ የቀረ ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በሶናሩ ላይ፣ ዓሣው ከ5 እስከ 8 ሜትር ባለች ቀጭን ንብርብር ውስጥ ታጭቆ ታየ። ከንብርብሯ በታች ባዶ፣ በላይም ባዶ። ካፒቴኑ «ዛሬ ሞልቷል!» አለ፤ ሁላችንም ሞልቷል ብለን አመንን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለቱም ዓሣ በረዶ ውስጥ ገባ።

ገንዳው ውስጥ ሠላሳ ስፖት ቀርቶ ነበር። ደንበኞቹ ገና ሞቅ ብሏቸዋል፣ የከፈሉት ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ነው። «እየያዝን እንልቀቅ» ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። ይበልጥ ደስ እንዲል ብዬ ወፍራሙን ክር አንስቼ 10 ፓውንድ የሚሸከመውን ቀጭኑን አቀረብኩ፣ የሪሉንም (የክር መጠምጠሚያውን) ፍሬን አላላሁት። መንጠቆዎቹ እንደ ጄ ፊደል የታጠፉት ዓይነት ነበሩ፤ ያኔ በሕግ አልተከለከሉም። ዓሣው ስፖቷን ሲነጥቅ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ ዘንጉን ሳቡ ብዬ አስተማርኳቸው። አሥር እስኪቆጠር ዓሣው ስፖቷን ከነመንጠቆው ወደ ሆዱ አውርዶታል። ትግሉ አምስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ወለል ላይ ይንፈራገጣል፣ መንጠቆውን በፒንሳ ቆፍሬ አወጣለሁ፤ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ «እኔም ልያዘው» የሚል ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ ፎቶ። ወደ ውሃው ስጥለው ጅራቱን አንዴ መታ አድርጎ ይሰወራል። ስለተሰወረ ዳነ ብለን ቆጠርነው። ሃያ ስድስት ለቀቅን።

ስንመለስ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አረፋና ቅጠል የሚሰበስብበት መስመር አለ፣ ካፒቴኑ በዚያ ጎን ነዳ። አረፋው ላይ ነጭ ሆዶች ተሰልፈው ይንሳፈፋሉ። አሥራ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በዙሪያችን ብዙ ጀልባ ስለነበር ሁሉም የእኛ ናቸው ማለት አይቻልም። አንዱ ግን አፉ ጥግ ላይ ቀይ ዶቃ ያለበት ክር ተንጠልጥሎበታል፤ በዚያን ቀን ባሕር ላይ ቀይ ዶቃ የሚያስገባ ሌላ ረዳት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ቋጠሮው ግን የእኔ ነበር። ደንበኞቹ ደክሟቸው ጥላ ሥር አንቀላፍተዋል። ቢቀሰቀሱ ያዩ ነበር። አልቀሰቀስኳቸውም። ወደቡ ላይ ቲፕ የሚሰጠው ደንበኛ ደስ ብሎት ሲወርድ ነው፣ ያንን እያሰብኩ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን የያዘ ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታልና። ቼሳፒክ ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከእርሻና ከከተማ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሞቶ ሲሰምጥ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በጥልቁ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በሰመር ከላይ ያለው ሞቃትና ጨው ያነሰው ውሃ ከታች ባለው ከባድ ውሃ ላይ ስለሚተኛ ሁለቱ አይደባለቁም፣ ታች አዲስ አየር አይደርስም። ሮክፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ከላይ ሙቀቱ ያባርረዋል፣ ከታች የኦክስጅን እጦት ያባርረዋል፣ መሃል ላይ በቀጭን ንብርብር ይታጨቃል። ሶናሩ ላይ «ሞልቷል» ያልነው መሸሻ ያጣውን ዓሣ ነበር። በሰመር ብዙ ዓሣ በአንድ ቦታ ስታዩ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ከዚያ ትግሉ ይመጣል። ዓሣው እንደ ሯጭ ጡንቻው በአሲድ ይሞላል፤ ለማገገም ኦክስጅን ይፈልጋል። 10 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ የሆነው የሚይዘው 7 ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይቀንሳል። በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት በጣም ያነሰውን ያገኛል ማለት ነው። ጅራቱን መትቶ መሰወሩ ምስክር አይሆንም፤ ብዙው የሚሞተው ከዓይን ከራቀ በኋላ ነው። የአትላንቲክ ዳርቻን ዓሣ የሚያስተዳድረው የክፍለ ግዛቶች ኮሚሽን ከሚለቀቀው ሮክፊሽ 9 በመቶው ይሞታል ብሎ ያሰላል፤ ይህ የዓመቱ አማካይ ነው፣ የጁላይ ቀትር ከዚያ የከፋ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ ነውር አለው። ኮታችሁ ሲሞላ ከሮክፊሹ ላይ ተነሱ።

የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በሰመር በየቀኑ ባንዲራ ያወጣል፣ የሚመለከተውም የአየሩን ሙቀት ነው። ከ90 ፋራናይት በታች ሲሆን አረንጓዴ። ከ90 እስከ 94 ቢጫ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሮክፊሽ አትፈልጉ ማለት ነው። 95 እና ከዚያ በላይ ቀይ፣ ጨርሶ አትንኩት ማለት ነው። ቢጫና ቀይ ምክር እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ለዚህም ነው በቀይ ቀን የሚወጣ ጀልባ የማይጠፋው። እናንተ ግን ደንበኞች ናችሁ፣ ከፋዩ «ዛሬ ሌላ ዓሣ እንያዝ» ካለ የሚከራከር ካፒቴን እኔ አላጋጠመኝም።

ከላይ «ተነሱ» ብዬ ቆረጥኩት እንጂ ጨርሶ ሳትለቁ መዋል አትችሉም፤ ሕጉ ራሱ ልቀቁ የሚላችሁ አለ። ከ2024 ጀምሮ በቤዩ የሚፈቀደው ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ አንድ ዓሣ ነው፤ 18ቷም 25ቷም ትመለሳለች። ስለዚህ አለቃቀቁን ልመዱት። ክሩ 20 ፓውንድ የሚሸከም ይሁን፣ ፍሬኑ በእጅ ሚዛን ሲሳብ ከ5 እስከ 6 ፓውንድ ላይ ይልቀቅ፣ ትግሉ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። መንጠቆው ክብ፣ ጫፉ ወደ ጎን ያልተጣመመው ሰርክል ሁክ ነው፤ አሁን በሕይወት ባለ ማባበያ ሌላ አይፈቀድም። ስፖቷን ከጀርባ ክንፏ ፊት ለፊት ቆዳዋን ብቻ ወጉ፤ ጠልቆ ከተወጋ አከርካሪዋ ይጎዳና አትዋኝም። ዓሣው ሲነጥቅ ዘንጉን ወደ ላይ አትንጠቁ። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰርክል ሁክ ሲነጠቅ ከአፉ ሾልኮ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ዓሣው አዘንብላችሁ ሪሉን ቀስ ብላችሁ ጠምጥሙ፣ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የከንፈሩን ጥግ ይይዛል። የጎማ መረብ ተጠቀሙ፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ስንጥቡን አትንኩ፣ ከተቻለ ከውሃው ሳታወጡት ንቀሉት። መንጠቆው ከተዋጠ ክሩን አፉ ላይ ቆርጣችሁ ተዉት። ስትመልሱት በጭንቅላቱ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ ስደዱት።

ፎቶውን በተመለከተ የእናንተ ትውልድ ያስቸግራል። ዓሣውን ከሁለት ዓይን ይልቅ በስድስት ስልክ ነው የምታዩት፤ እያንዳንዱ ስልክ የዓሣው አንድ ትንፋሽ ነው። የምትበሉትን ዓሣ እስኪበቃችሁ አንሱት፣ እሱ የትም አይሄድም። በሌላ በኩል እኛ በዚያ ዕድሜ «ዓሣው ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ጠይቋል።

ከሮክፊሽ ስትነሱ ወዴት? ከጁላይ ማብቂያ እስከ ሴፕቴምበር ስፓኒሽ ማኬሬል ከደቡብ ይመጣል፣ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ውሃው ስለሚጨው ወደ ሰሜን ርቆ ይገባል። እሱን ጀልባዋ እየሮጠች ነው የሚይዙት፣ ከ6 እስከ 7 ኖት፣ በሰዓት ከ11 እስከ 13 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ማንኪያ የሚመስል ትንሽ የሚያብለጨልጭ የብረት ማባበያ፣ ከፊቱ 30 ፓውንድ የሚሸከም ከ5 እስከ 6 ሜትር ጥርት ያለ ክር፣ ከዚያ ወደ ታች የሚያጠልቀው ፕሌነር። የብረት ሽቦ አታስሩ፣ ዓይኑ ስለታም ነው፤ ይልቅ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ክሩን በጣት እየዳበሳችሁ ጥርስ የፋቀውን ቁረጡ። ዓሣው ሲይዝ ጀልባዋ አትቁም። ክሩ ለአፍታ ከላላ አመለጠ። ከ14 ኢንች ያላነሰውን ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ ሁለት እጅ በረዶና አንድ እጅ የባሕር ውሃ ባለበት ኩለር ውስጥ ክተቱት። ውሃ በሌለው በረዶ ላይ ብቻ ከተቀመጠ በረዶ ያልነካው ጎኑ እስከ ወደብ ይላሽቃል።

በጁላይ መጀመሪያ ማኬሬሉ ላይደርስ ይችላል። ያኔ ስፖትና ኋይት ፐርች ያዙ፣ ወይም ብሉ ካትፊሽ። ይኸኛው ከሌላ አካባቢ መጥቶ የቤዩን ሕይወት እየበላ ያለ ወራሪ ዓሣ ነው፣ ቁጥር አይገደብበትም፣ አይለቀቅምም። እኛ አገር አምባዛ የሚባለው ዘመድ ነው። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ወላጆች ስላሉ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልዝለል ብዬ ነበር፣ ሳልለው ባልፍ ግን ልክ አይሆንም። በሞቃት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑት፤ የዓሣ እሾህ ከወጋችሁ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ካበጠና ከቀላ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱና ባሕር ላይ እንደነበራችሁ ንገሩት። የጉበት ሕመም ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስታውሱት።

አብሬው የሠራሁ አንድ ሽማግሌ ካፒቴን ነበር፣ ከ1985 እስከ 1990 ሜሪላንድ ሮክፊሽ ማጥመድን ጨርሶ በከለከለችበት ጊዜ በሥራው ላይ የነበረ። ጀልባውን እየቀባ አምስት ዓመት ጠበቀ። ዓሣው ያኔ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የምታደርገው የጫጩት ቆጠራ ከ2019 ወዲህ በተከታታይ ከአማካይ በታች ነው። የአትላንቲክ ዳርቻ ሮክፊሽ አብዛኛው የሚፈለፈለው እዚሁ ወደ ቤዩ በሚፈሱ ወንዞች ነው። ያኔ ከለቀቅናቸው ሃያ ስድስት የሞቱት ቢተርፉ ኖሮ፣ አንዳንዶቹ ዛሬ በፀደይ ወንዝ የሚወጡ ትላልቅ ሴቶች በሆኑ ነበር።

ልጄ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ደንቡን ተመልከቱ፣ በሰመር መሃል ሮክፊሽ ጨርሶ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉና ስለሚለዋወጡ። በዋዜማው ባንዲራውን እዩ። ከዚያ ለካፒቴኑ ደውሉና ኮታው ሲሞላ ወደ ምን ዓሣ እንደሚወስዳችሁ ጠይቁት። «እዚያው ቆመን እየለቀቅን እንውላለን» ካላችሁ፣ ሌላ ጀልባ ላይ ቦታ እንድፈልግላችሁ ጻፉልኝ።