ጋዝ በቱቦ በማይሄድበት ከተማ የጋዝ መስመር መርማሪ ልሁን ወይ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቅሽ ሁለት ዓመትሽ ነው። ኮዬ ፈጬ አጎትሽ ቤት ተቀምጠሽ ገላን ባለ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ትሠሪያለሽ። የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አየሽና የጋዝ ቱቦ ሊክ (የሚያፈስበትን ቦታ) የሚፈትሽ፣ ያላስፈተሸውንም የሚቀጣ መሥሪያ ቤት መግባት አማረሽ። አጎትሽ «ጋዝ በቱቦ በማይሄድበት አገር ምኑን ልትመረምሪ ነው?» ብለው ሳቁብሽ። አንድ ማሠልጠኛ ደግሞ በሦስት ሳምንት፣ በ65 ሺህ ብር «ዓለም አቀፍ የጋዝ ኢንስፔክተር» አደርግሻለሁ ብሎሻል። ልክፈል ወይ? ነው ጥያቄሽ።

አትክፈዪ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ከአጎትሽ ጋር ላስታርቅሽ።

አጎትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እናቶቻችን ጋዝ ሲሉ ላምባ ማለታቸው ነበር፣ እኛ ደግሞ በሲሊንደር የሚሸጠውን እንላለን፤ ቤት ለቤት በቱቦ የሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ አዲስ አበባም ዳርቻዋም የለም። መስከረም 22 ቀን 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ የተመረቀው የካሉብ ጋዝም ፈሳሽ ተደርጎ በመኪና የሚጫን ነው። በሌላ በኩል ነሐሴ 2017 ላይ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርመዋል፤ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቱቦ ሊመጣለት ነው። ቱቦ ከተዘረጋ መርማሪ መፈለጉ አይቀርም። ግን ካሉብ ጋዝ እንዳለ ከታወቀ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታልና «በቅርቡ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ስሚው። ደግሞም ጎዴ ኮዬ ፈጬ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሥራውን በጆሮና በአፍንጫ የሚሠራ አድርገሽ ነው የሳልሽው። መሣሪያ ይዞ ቱቦው ያለበትን መስመር መራመድ፣ ሳሩ ያለ ወቅቱ የደረቀበትን ቦታ ማየት፣ አዎ፣ አለበት። ያን ግን በአብዛኛው የሚሠራው የኩባንያው ሠራተኛ ነው። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መርማሪ ቀኑን የሚያሳልፈው ኩባንያው እያንዳንዱን ሜትር በቀጠሮው መፈተሹን ከመዝገብ በማረጋገጥ ነው።

የአሜሪካንን ሕግ እንደ ምሳሌ እንይ። ከተማ ውስጥ ጋዝ የሚያከፋፍል ቱቦ በንግድ አካባቢ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይፈተሻል፤ በሁለት ፍተሻ መካከልም ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ከንግድ አካባቢ ውጭ በጥቅሉ በአምስት ዓመት አንዴ፣ ጣሪያው 63 ወር ነው። ይህ የወር ጣሪያ ለምን እንደተጨመረ ገብቶሻል? «በዓመት አንዴ» ብቻ ቢባል ብልጥ የሆነ ኩባንያ የዘንድሮውን በዓመቱ መጀመሪያ፣ የከርሞውን በዓመቱ መጨረሻ ፈትሾ 23 ወር ሊያሳልፍ ይችላል፤ ሕጉንም አልጣሰም። 15 ወር የሚለው ያችን ቀዳዳ የደፈነ ነው። ሕግ ስታነቢ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መፈለግ ከወደድሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካሰለቸሽ ግን ጥገና ክፍል ብትቆዪ ይሻልሻል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሳን ብሩኖ በተባለች የሳን ፍራንሲስኮ ዳርቻ ከተማ የጋዝ ቱቦ ፈንድቶ 8 ሰዎች ሞቱ። ቱቦው የፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ ነበር። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የማወራው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ ይህንኑ ኩባንያ 16.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣው። በዚህኛው ቅጣት የተጠየቀው ስለ ፍንዳታ አይደለም። ቱቦዎቹ ያሉበትን የሚያሳዩ 16 ካርታዎች ከፍተሻው ፕሮግራም ውጭ ቀርተው ነበር፤ ካርታው ፕሮግራም ውስጥ ከሌለ የሚላክ ሠራተኛ የለም፣ ስለዚህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ለዓመታት ሳይፈተሹ ኖሩ። ይህንን የሚይዝ የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያ የለም። የሚይዘው የካርታውን ዝርዝር ከፍተሻው ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ እየቆጠረ የሚወርድ ሰው ነው።

የራሴን ጉድ ላውጣ። ከተመረቅኩ በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነው። በየፈረቃው የግፊቱን ንባብ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረብኝ። አለቃዬ ወሩ ሲያልቅ መዝገቡን ወርውሮ «ሞልተህ፣ ፈርመህ አምጣ» አለኝ። ሞላሁት፤ የሠላሳ ቀን ንባብ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መቀመጫ። ብልጥ ነኝ ብዬ 7 ባር፣ 6.8፣ 7.1 እያልኩ አፈራረቅኩት። በማግሥቱ ሳምንት የመጡት መርማሪ ቦይለሩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም፤ ቁጭ ብለው መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን ጥር 11 ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ጥምቀት አልወረድክም እንዴ?» አሉኝ። ያን ቀን ፋብሪካው ዝግ፣ ቦይለሩም ቀዝቃዛ ነበር። በእኔ እጅ ጽሑፍ ግን 7 ባር ይላል። እስከ ዛሬ መዝገብ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በዓላቱን ነው።

እንግዲህ ይህንን ችሎታ አሁን ካለሽበት ሳትነቃነቂ መያዝ ትችያለሽ። ፋብሪካችሁ ኮምፕሬሰር እንዳለው ጽፈሻል። የታመቀ አየር መስመር በደንብ ካልተያዘ ኮምፕሬሰሩ ከሚያመርተው ከ20 እስከ 30 በመቶ በሊክ ሊባክን ይችላል፤ ይህ የመብራት ሂሳብ ነው፣ ስለዚህ አለቃሽ ይሰማሻል። የመስመሩን ንድፍ ጠይቂ። «የለም» ይሉሻል፤ ራስሽ ሳዪው። መጋጠሚያውን ሁሉ ቁጥር ስጪው። በጆግ ውኃ ላይ ላርጎ ጠብ አድርገሽ፣ በስፖንጅ እያረጠብሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዙሪያውን ተመልከቺ። ትልቁ ሊክ አረፋውን እየበተነ ያፏጫል፤ ትንሹ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ትላለች። ቀን፣ ቁጥር፣ ያየሽው፣ የጠገነው ሰው ስም። ከጥገና በኋላ መልሰሽ ፈትሺና ያንንም ጻፊ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ነው። ያልደረስሽበትንም «አልተፈተሸም» ብለሽ ጻፊ እንጂ ባዶ አትተዪው።

(ቤትሽም ሲሊንደር ሲቀየር ሬጉሌተሩን በዚሁ በላርጎ ውኃ ፈትሺ። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ነጋዴ ካየሽ ሱቁን ለቀሽ ውጪ።)

ከመጻሕፍት ደግሞ ቢያንስ ይህንን ያዢ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ አይጠፋም። በሲሊንደር ያለው ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወለል ላይ ይተኛል፤ የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ስለሆነ ይቀልላል፣ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ስለዚህ የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ ይለያያል። ሜቴን በራሱ አይሸትም፤ ሽታው የሚጨመር ነው። በአሜሪካ ሕግ ጋዙ ለመቀጣጠል ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ማንም ጤነኛ አፍንጫ ሊለየው ይገባል። ሜቴን ከአየር ጋር 5 በመቶ ገደማ ሲሆን ይቀጣጠላልና፣ ሽታው በ1 በመቶ ላይ መሰማት አለበት ማለት ነው።

ወደ 65 ሺህ ብሩ ልመለስ። የጋዝ መስመር ሥራ በዳበረበት አገር የሠራተኛውን ብቃት መመዘንና ማረጋገጥ መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ግዴታ ነው፤ ከኩባንያው ውጭ የተገዛ ወረቀት ያንን አይተካም። እውነተኛዎቹ ጉዳት አልባ የፍተሻ (ዕቃውን ሳይጎዱ የመፈተሽ) ሰርተፍኬቶችም ከሥልጠናው ሌላ በሰነድ የተረጋገጠ የሥራ ላይ ሰዓት ይጠይቃሉ። ሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሥራ ሰዓት ከየት ይመጣል? ማሠልጠኛውን «ይህን ወረቀት የተቀበለ አንድ ቀጣሪ ንገሩኝ፣ ደውዬ ልጠይቅ» በያቸው፤ መልሳቸው ይበቃሻል።

የት ታመልክቺ? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን የሥራ ማስታወቂያ ተከታተዪ፤ ሕልምሽ እሱ ነው። እስከዚያው ግን የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን፣ ፋብሪካ እየዞሩ የሥራ ላይ ደኅንነት የሚቆጣጠሩትን የሥራና ክህሎት ቢሮዎች፣ የሲሊንደር ጋዝ አከፋፋዮችን አትለፊ። የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣንንም አትናቂው፤ መሬት ውስጥ ያለ ቱቦ የት እንደሚያፈስ መፈለግን እንደዚያ የሚያስተምር ቦታ በከተማችን አላውቅም። የቁጥጥር ደመወዝ ከግል ፋብሪካ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን ሳታውቂ እንዳትገቢ። በር ላይ «የማን ጸሐፊ ነሽ?» የሚልሽ ጥበቃም አይጠፋም፤ መታወቂያሽን አሳይተሽ ግቢ፣ አትከራከሪው።

የላክሽልኝን ሲቪ አይቼዋለሁ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምትችል» የሚለውን መስመር ሰርዢው። በቦታው የፈተሽሻቸውን መጋጠሚያዎች ቁጥር፣ ያገኘሻቸውን ሊኮች፣ የተጠገኑትንና እስከ ዛሬ ያልተጠገኑትን ከነቀናቸው አስገቢ። ያልተጠገኑትን እንዳትተዪ፤ ጠያቂው መጀመሪያ የሚያነሳብሽ እነሱን ነው። አንድ ዙር ፈትሸሽ ስትጨርሺ መዝገቡን ላኪልኝ፣ በዓላቱን አይልሻለሁ።