«በሰዓት ይከፈላል» ሲሉሽ፣ የትኛው ሰዓት?

ጥያቄ፦ በቤተሰብ ቴራፒ ሁለተኛ ዲግሪዬን ዘንድሮ ጨረስኩ። ቤት ለቤት እየሄደ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው፤ የሰዓት ክፍያው ጥሩ ነው። ሆኖም ስለ ድርጅቱ የተጻፉትን አስተያየቶች ሳነብ ግራ ገባኝ። አንዱ ቤተሰብ «ልጃችንን መለሱልን» ሲል፣ ሌላው «በስድስት ወር ሦስት ቴራፒስት ተቀያየረብን» ይላል። ሠራተኞቹም «ባልደረቦቼ መልካም ናቸው፣ ሰዓቴን ራሴ አመቻቻለሁ፣ ግን የወር ገቢዬን አላውቀውም» ይላሉ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁሉንም። ያነበብሻቸው አስተያየቶች እርስ በርስ አይጋጩም። ገቢውን የማያውቅ ቴራፒስት ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ቤተሰቡ «ተቀያየረብን» ይላል። ጉዳቱ ደግሞ በቤተሰብ ቴራፒ ይብሳል። እየተጎተተ የመጣ አባት፣ በአራተኛው ቀጠሮ ገና አፉን የፈታ ልጅ፣ ለአዲስ ሰው «ከመጀመሪያው እንጀምር» ሲባሉ እሺ አይሉም። «ልጃችንን መለሱልን» ያለው ቤተሰብ ምናልባት የደረሰው ሳይለቅ የቆየ ቴራፒስት ይሆናል።

የተገልጋዮችን ቅሬታ ስታነቢ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አትመዝኚ። በፍርድ ቤት ወይም በሕፃናት ጥበቃ ተገድዶ የመጣ ወላጅ ንዴቱ ከድርጅቱ ይልቅ ባስገደደው አካል ላይ ሊሆን ይችላል። «ቴራፒስቷ ለባሌ አደላች» የሚለውም ብቻውን ብዙ አይነግርሽም፤ ለማንም ያልወገነ ቴራፒስት ከሁለቱም ወገን እንዲህ ይባላል። ልብ ልትይ የሚገባሽ የአሠራር ጉድለት የሚያሳዩትን ነው፦ «ቀጠሮው በዕለቱ ተሰረዘ፣ ማንም አልደወለም»፣ «ላልተካሄደ ቀጠሮ ተጠየቅን»፣ «ለብቻዬ የነገርኳትን በባሌ ፊት አወጣችው»። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው። አንድ የቤተሰብ አባል ለብቻው የተናገረው ነገር ምን እንደሚደረግ፣ ልጅ ላይ ጉዳት ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ደግሞ ምስጢሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን አንብቦ የሚፈርምበት ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ጽሑፉን አሳዩኝ በዪ። ከሌለ ጥፋቱ ሲመጣ የሚጠየቀው አዲሱ ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። የሚከፈለው ለተካሄደ ቀጠሮ ብቻ ከሆነ የሰዓት ክፍያው ብዙ ይደብቃል። ወረቀት አውጪና እንዲህ ደምሪ። በሳምንት 25 ቀጠሮ ያዝሽ እንበል፤ አምስቱ ቤት ስትደርሺ በሩ ዝግ ነው። የተካሄዱት 20 ቀጠሮዎች እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ ቢፈጁ፣ 16 ሰዓት ከ40። ስለ እያንዳንዱ ቀጠሮ ለምትጽፊው ማስታወሻ 15 ደቂቃ ሲታሰብ 5 ሰዓት። ለ25ቱም ጉዞ አለ፤ በአማካይ 40 ደቂቃ ቢሆን ሌላ 16 ሰዓት ከ40 ነው። በር ላይ 15፣ 15 ደቂቃ የጠበቅሽው 1 ሰዓት ከ15፣ ስብሰባና የሙያ ክትትል (ልምድ ያለው ቴራፒስት ሥራሽን የሚያይበት ጊዜ) 2 ሰዓት። ድምሩ 41 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሆናል። የሚከፈልሽ ግን የ20 ቀጠሮ ነው። ያ «ጥሩ» የተባለው የሰዓት ክፍያ ግማሽ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ በእነሱ ምትክ የድርጅቱን አስገቢ፦ ከቀጠሮ ስንቱ ይቀራል? ቤተሰብ ሲቀር የሚከፈል አለ? የጉዞ ሰዓትስ? ማስታወሻው በስንት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት? «በ24 ሰዓት» ካሉሽና የመጨረሻው ቀጠሮሽ ማታ ከሆነ፣ ማስታወሻው የሚጻፈው ራት ላይ ነው። ወላጅ ከሥራ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ቤተሰብ አንድ ላይ አይገኝምና «ሰዓቴን ራሴ አመቻቻለሁ» የሚለውም በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ማታና ቅዳሜ ነው።

የያዝሽው ቤተሰብ ብዛትም ከአሠራሩ ጋር መስማማት አለበት። ለምሳሌ መልቲሲስተሚክ ቴራፒ የሚባለው ቤት ለቤት የሚሰጥ አሠራር ለአንድ ቴራፒስት ከ4 እስከ 6 ቤተሰብ ብቻ ይመድባል፤ ሥራውም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ወር ይቆያል፣ ቡድኑም ቀንና ሌሊት ስልክ ያነሣል። በዚህ ስም እየሠራሁ ነው እያለ 20 ቤተሰብ የሚያስይዝሽ ድርጅት ስሙን ብቻ ነው የወሰደው።

ጀማሪ ስለሆንሽ ከደመወዙ በላይ የሚያሳስበኝ የሙያ ክትትሉ ነው። በየሳምንቱ ማን ያይሻል? ያ ሰው በቤተሰብ ቴራፒ ፈቃድ አለው? በእሱ ክትትል የሠራሽውን ሰዓት ፈቃድ ሰጪው አካል ለሙያ ፈቃድሽ ይቆጥርልሻል? መልሱን ከድርጅቱ ብቻ አትቀበዪ፣ ፈቃድ ሰጪውን ራስሽ ጠይቂ። ቀጠሮሽን በቪዲዮ ወይም በአካል የሚያይ ክትትል አንቺ ተርከሽ ከምታስረጂው በእጅጉ ይሻላል፤ ሰው ያላስተዋለውን ነገር መተረክ አይችልምና። ብዙ ጀማሪዎችን የሚጎዳው ግን ፊርማ ነው፦ ሁለት ዓመት ሰዓት ተጠራቅሞ፣ ክትትሉን ያደረገው ሰው ድርጅቱን ለቆ፣ የሚፈርም ይጠፋል። በየወሩ አስፈርሚ፣ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ።

በቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ጥያቄ አትርሺ። አንደኛው፦ «የዛሬ ዓመት ከነበሩት ቴራፒስቶች ስንቱ ዛሬም አሉ?» ሁለተኛው፦ «ቴራፒስት ሲለቅ ቤተሰቡ እንዴት ይተላለፋል?» ጥሩ መልስ፣ ነባሩና አዲሱ አብረው የሚገቡበት ቢያንስ አንድ ቀጠሮ አለ የሚል ነው። «ፋይሉን እንሰጣለን» ካሉሽ የሦስቱ ቴራፒስት ቅሬታ ከየት እንደመጣ አወቅሽ። ለብቻሽ ሰው ቤት ስትገቢ የት እንዳለሽ ማን እንደሚያውቅ፣ ችግር ቢፈጠር ለማን እንደምትደውዪም ጠይቂ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቤተሰብ ለቀረበት ቀጠሮ ከፊል ክፍያ ካለ፣ ጉዞው ከታሰበና ክትትሉ በውሉ ውስጥ ከተጻፈ ግቢ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢያንስ ይህን ያህል ይከፈላል የሚል ዋስትናም ጠይቂ፣ ቀጠሮሽ እስኪሞላ ገቢሽ ትንሽ ነውና። ክትትሉን በጽሑፍ ለማስፈር ካንገራገሩ ግን ክፍያው ቢጨመርም ይቅርብሽ። ከመፈረምሽ በፊት በቃል የነገሩሽን ሁሉ በኢሜይል ጽፈሽ «በትክክል ተረድቻለሁ?» ብለሽ ላኪላቸው፤ ውሉንም በተለይ «ቶሎ ከለቀቅሽ የሥልጠና ወጪ ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ እንዳለው አይተሽ አንብቢው።