ለሠራተኛ የምጨምረውን ከአሥራቴ ላይ ልቀንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ። ደብረ ብርሃን የእህል መጋዘን አለኝ። ሰባት ሠራተኞች አሉ፤ ስድስቱ ጫኝና አውራጅ፣ አንዱ መዛኝ። ኑሮ ከበደን፣ ደመወዝ ይጨመርልን እያሉ ነው። የምከፍለው ከተማው የሚከፍለውን ነው። አሥራቴን አላጓድልም፤ የደብራችንን ምንጣፍም የገዛሁት እኔ ነኝ። ለልጆቹ የምጨምረውን ከአሥራቴ ላይ ባስበው ያስኬዳል? ደግሞ ጥር ላይ የምንጃር ጤፍ ገዝቼ ክረምት ላይ እሸጣለሁ። ይህን ግፍ ነው የሚሉኝ አሉ። ሀብታም መሆን ኃጢአት ነው እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። ሀብት ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ባለጸጋ ነበር፤ ኢዮብም እንዲሁ። ኢዮብ ግን ራሱን ሲመረምር ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ፣ አገልጋዮቼ አቤት ሲሉኝ ንቄአቸው አውቃለሁ ወይ የሚል ነው (ምዕራፍ 31)። እርስዎም ይህን መጠየቅዎ ደግ ነው።

አሥራቱ ላይ ግን አይሆንም ነው መልሴ። ነጋዴ ስለሆኑ በነጋዴ ቋንቋ ልንገርዎ። ደመወዝ ወጪ ነው። አሥራት የሚታሰበው ወጪው ተነስቶ ከሚቀረው ነው። ለጫኙ የሚገባውን ሳይከፍሉ ያስቀሩት ገንዘብ ደብተሩ ላይ ትርፍ ይባል እንጂ የእርስዎ አይደለም። ከሰው ገንዘብ ላይ ደግሞ አሥራት አይወጣም። ሐዋርያው ያዕቆብ የአጫጆቹ ደመወዝ ይጮኻል ያለው ለዚህ ነው። ምንጣፉን እግዚአብሔር ይቀበልልዎ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ክርስቶስ በድሃው በኩል ደጅ ተርቦ ሳለ መሠዊያውን በወርቅ ጽዋ መሙላት ምን ይረባል ብሎ አስተምሯል። ምንጣፍም ከዚያ አይለይም።

«ከተማው የሚከፍለውን» ብለዋል። ይህ ዋጋ ከየት መጣ? ከመንዝ፣ ከተጉለት ሥራ ፍለጋ የሚወርደው ልጅ ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል። ሥራው ግን አልቀለለም። ኩንታሉ ያው መቶ ኪሎ ነው። ዋጋውን የጣለው የልጁ ረሃብ ነው። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከሚሸከመው ኩንታል ጤፍ አንዱን በወር ደመወዙ መግዛት ይችላል? ሰንበቴ ላይ ከአንድ ጽዋ አብሮዎ የሚጠጣው እኮ ይኸው ልጅ ነው።

ስንት ይጨመር የሚለውን ግን እኔ አልቆርጥም። መጋዘኑ ከስሮ ሰባቱም ቢበተኑ ማንም አይጠቀም። ደብተሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ብቻ ጡረታቸውን ያጣሩ። ከልጁ ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ከርሞ ጾም የሚጾም ሰው አጋጥሞኛል። ኢሳይያስ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ያለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወደ ጤፉ ልምጣ። እህል ማከማቸት በራሱ ግፍ አይደለም። ጥር ላይ የሚገዛና የሚያስቀምጥ ባይኖር ክረምት ላይ ገበያው ባዶ ይሆናል። ለመጋዘን ኪራዩ፣ ለታሰረው ገንዘብ፣ ለድካምዎ ትርፍ ይገባዎታል። (ለነቀዝ እንዳይሉኝ ብቻ፤ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም።) ነጋዴዎች ዮሴፍም አከማችቷል ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ዮሴፍ በጥጋብ ዘመን ሰበሰበ፣ ረሃብ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። ግፍ የሚሆነው ሰው ሲቸገር «ጤፍ የለም» ብሎ መቆለፍ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም እህል የሚያስቀረውን ሕዝብ ይረግመዋል፣ የሚሸጠውን ግን ይባርከዋል ይላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቂሣርያ ላይ ረሃብ ሲገባ ቅዱስ ባስልዮስ ባለጎተራዎቹን ፊት ለፊት የገሠጸው፣ የደበቅኸው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው ብሎ ነው። ጋሼ፣ ፍልሰታ ላይ ሱባኤ ሲገቡ የመጋዘኑ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ወጥተው ይክፈቱት።

ገበሬውም አይረሳ። ጥር ላይ በርካሽ የሚሸጠው ወዶ አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳ ይዞት ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ አጎቴ ጤፉን ሊሸጥ ሲመጣ አብሬው አንድ መጋዘን ቆሜያለሁ። መዛኙ ከየኩንታሉ አንድ ኪሎ «ለጆንያ» ብሎ ቀነሰ። ከረጢቱ ላስቲክ ነው፣ ሩብ ኪሎ አይሞላም። አጎቴ አየው፣ ዝም አለ። ሌላ የት ይሄዳል? አሞጽ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ ብሎ የጮኸባቸው ነጋዴዎች ይኸው ናቸው። በእርስዎ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አንድ ቀን ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው ይዩ።

ካለ፣ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። የሚያውቋቸው ገበሬዎች በመጪው ታኅሣሥ ሲመጡ ሂሳባቸው ላይ ይጨመርላቸው። የማያውቋቸውን ድርሻ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ለድሃ ይስጡት። ግን ምጽዋት ብለው እንዳይመዘግቡት፣ ዕዳ ነው። እሱም ከአሥራት አይቀነስም።