እርሾ መርዛማ ብረትን እንዴት ይቋቋማል?

ጥያቄ፦ ካድሚየም ወይም መዳብ በበዛበት ማሳደጊያ ውስጥ የገባ እርሾ መጀመሪያ መራባቱን እንደሚያቆም፣ ከሰዓታት በኋላ ግን እንደገና እንደሚቀጥል በትምህርት ቤት ተምረናል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ምን ይሠራል? ብረቱን የመቋቋም ችሎታውንስ ለሚቀጥለው ትውልድ ያወርሳል?

መልስ፦ የጠያቂያችን ሁለት ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ስላላቸው ለየብቻ ማየቱ ይሻላል። ሁለቱ ብረቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። መዳብ በትንሹ ሲሆን ለሕዋሱ የግድ የሚያስፈልግ፣ ሲበዛ ግን እጅግ ንቁ የሆኑ የኦክስጅን ውህዶችን እየፈጠረ የሚጎዳ ነው። ካድሚየም ለእርሾ ምንም ጥቅም የለውም፤ የሚገባውም ዚንክንና ማንጋኒዝን ለማስገባት በተሠሩ በሮች ነው። እነዚህን በሮች ጨርሶ መዝጋት ሕዋሱን አስፈላጊ ማዕድናት ስለሚያሳጣው፣ ዋናው መከላከል የሚካሄደው ብረቱ ከገባ በኋላ ነው።

ካድሚየም በፕሮቲኖች ላይ ባለው ድኝ ላይ ይጣበቃል፣ የዚንክንም ቦታ ይነጥቃል። ሕዋሱ በዚህ ጊዜ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራውንና ድኝ ያለውን ግሉታታዮን በብዛት ያመርታል። ሁለት የግሉታታዮን ሞለኪውሎች አንድ የካድሚየም አዮን ይይዛሉ፤ ዋይ-ሲ-ኤፍ-1 የተባለ ፕሮቲንም ኃይል እያወጣ ጥምረቱን ቫኩዎል ወደሚባለው የሕዋሱ ማጠራቀሚያ ያስገባዋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ከሚያስነሡት አንዱ ያፕ-1 የተባለ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ሲሆን፣ ችግሩ ሲመጣ በኒውክሊየስ ውስጥ ይከማቻል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የድኝ ቁጠባው ነው። ያን ያህል ግሉታታዮን ለመሥራት ብዙ ድኝ ስለሚጠይቅ፣ ሕዋሱ ድኝ የሚበዛባቸውን አንዳንድ ኢንዛይሞች ማምረት ቀንሶ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ነገር ግን ጥቂት ድኝ ያለባቸውን ተመሳሳዮቻቸውን ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ ለፕሮቲን ሥራ ከሚውለው ድኝ 30 በመቶ ያህሉ ይድናል። አልኮል በሚመረትበት ሂደት ውስጥ የሚሠራው ፒ-ዲ-ሲ-1 የተባለው ኢንዛይም በፒ-ዲ-ሲ-6 መተካቱ ለዚህ ምሳሌ ነው።

መዳብ ሲበዛ መንገዱ አጭር ነው። ኤስ-1 የተባለው ፕሮቲን ራሱ መዳቡን ሲይዝ፣ ኩፕ-1 የተባለውን ጂን ያስነሣል። ከዚህ ጂን የሚገኘው ትንሽ ፕሮቲን፣ ሜታሎታዮኒን ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ በላዩ ባሉት 12 የሲስቴይን አሚኖ አሲዶች መዳቡን አጥብቆ ያስራል።

ወደ ውርስ ስንመጣ፣ ከላይ የተገለጸው ምላሽ የሚቆየው ብረቱ እስካለ ድረስ ነው። በማቆጥቆጥ የሚወለደው ሕዋስ ከእናቱ ፕሮቲን ድርሻውን ቢያገኝም፣ ብረቱ ሲወገድ ጂኖቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። በቋሚነት የሚወረሰው የዲ-ኤን-ኤ ለውጥ ነው። ኩፕ-1 በስምንተኛው ክሮሞሶም ላይ ተደጋግሞ ሊገኝ የሚችል ጂን ሲሆን፣ ቅጂዎቹ በሕዋስ ክፍፍል ጊዜ በሚፈጠር ስሕተት ይበዛሉ ወይም ያንሳሉ። መዳብ ባለበት ስፍራ ብዙ ቅጂ ያላቸው ሕዋሳት ከሌሎቹ በልጠው ይራባሉ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የወይን እርሻዎች የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ለሻጋታ መከላከያ ይረጩ ስለነበር፣ ብዙዎቹ የወይን ጠጅ እርሾዎች መዳብን አጥብቀው መቋቋማቸው አያስገርምም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ካድሚየምን ከሕዋሱ የሚያስወጣው ፒ-ሲ-ኤ-1 የተባለ ፓምፕ በአብዛኞቹ የቤተ ሙከራ እርሾዎች ላይ በአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ምክንያት አይሠራም። በእነርሱ ላይ የተገኘውን ውጤት ለእርሾ ሁሉ ማዋል አይገባም።

ጠያቂያችን ያዩት የትኛው እንደሆነ ለመለየት፣ ያገገመውን እርሾ ከብረቱ አውጥተው ለብዙ ትውልድ በንጹሕ ማሳደጊያ ካራቡት በኋላ መልሰው ወደ ብረቱ ያስገቡት። እንደ መጀመሪያው ለሰዓታት ከቆመ ጊዜያዊ ምላሽ ነበር፤ ሳይቆም ከቀጠለ ግን የተወረሰ ለውጥ መኖሩ አይቀርም።