የኤስፕሬሶ ማሽን ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ በማኔጅመንት ተመርቃለች። በሙያዋ ሥራ ስታጣ ከዚራ አካባቢ አንድ ካፌ ገብታ ማሽን ላይ ትሠራለች። አማርኛም ኦሮምኛም ትችላለች፤ ትንሽ ብርም ቆጥባለች። «አዲስ አበባ ሄጄ የባሪስታ ኮርስ ልውሰድ ወይስ የሐረር ቡና ብቻ የሚቀዳበት ትንሽ ኤስፕሬሶ ቤት ልክፈት?» ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። ኮርሱ የሚያስተምረውን አብዛኛውን በየቀኑ እየሠራሽው ነው። 18 ግራም ቡና፣ 9 ባር ግፊት፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ፣ ሲኒው ላይ 36 ግራም ገደማ። ይህን እጅሽ ለምዶታል። የሚጎድልሽ ቡናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው።

ማኪያቶ ላይ ወተቱ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከየቦታው የተደባለቀ ቡናም አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍንለታል። ከአንድ አካባቢ ብቻ የመጣ ቡና በኤስፕሬሶ ሲቀዳ ግን መደበቂያ የለውም። የሐረር ቡና ደግሞ በዚህ በኩል ፈተናው ይበዛል።

ሐረርጌ ላይ ቡና በብዛት አይታጠብም። ፍሬው እንዳለ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጀንፈል ይሆናል፣ ከዚያ ይፈለፈላል። ያ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ የሚለው ጣዕሙና የፍራፍሬ ሽታው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ችግሩ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ እዚያው የደረቀውም አብሮ መገኘቱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለቀመ፣ መሬት ላይ ከተሰጣ፣ በየሰዓቱ ካልተገላበጠ፣ ያልበሰለው ሲኒ ላይ አፍ ይይዛል፤ የሻገተውም ሽታው አይለቅም። ውድ ማሽን አያድነውም። ቀዩ ብቻ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ በደንብ የደረቀው ግን ጥርት ያለ፣ ጣፋጭ ቡና ነው። ሁሉም ገበሬ ለምን እንዲህ አያደርግም ትዪ ይሆናል። ቀዩን መርጦ መልቀም ማለት ወደ አንድ ዛፍ ደጋግሞ መመለስ ነው። ለዚያ ልፋት ተጨማሪ ዋጋ ካልተከፈለው ለምን ይደክማል? ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩም ቶሎ ይገባል። ቡና የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው። ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ቡና ጠልቶ አይደለም። ይህን ሳታውቂ ገበሬ ፊት ቆመሽ ስለ ጥራት እንድትመክሪ አልፈልግም።

ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው። ለዓመታት ቡና በምርት ገበያ ሲያልፍ ከብዙ ገበሬ የመጣው ስለሚደባለቅ፣ ገዢው የየት ቀበሌ ቡና እንደሆነ ለማወቅ ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቡና ግብይት አዋጅ ከወጣ በኋላ ምንጩን ለይቶ መሸጥ ቀለል ብሏል። አሁን የሚፈለገው ከሐረርጌ ቡናዎች መካከል የበደኖን ከገለምሶ በምላሱ የሚለይ፣ ማሳ ላይ ከገበሬው ጋር በቋንቋው የሚያወራ፣ ቢሮ ሲመለስ የገዢውን ወረቀት የሚጨርስ ሰው ነው። ቋንቋው አለሽ፤ ወረቀቱንም ዲግሪሽ ይችለዋል። የቀረሽ ምላሱ ነው።

እሱን የምታገኚው የቡና ላኪ ድርጅት ናሙና ክፍል ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ የሐረርጌ ቡና መውጫ በር ናት፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ረዳት ሆነሽ ግቢ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ካፌው ከነጉርሻው ከሚያስገኝልሽ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂው። 350 ግራም ጥሬ ዘርግተሽ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ትለቅሚያለሽ። ናሙናውን መቁላትም ያንቺ ሥራ ነው። 8.25 ግራም ፈጭተሽ 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ትጨምሪበታለሽ፣ 4 ደቂቃ ሲሞላው ላዩን በማንኪያ ገፍተሽ ታሸቺዋለሽ፣ ትቀምሻለሽ። ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና ይባላል። ስለ ሐረር ቡና ብሉቤሪ ብሉቤሪ ይላል ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ፍሬውን ቀምሰሽው ላታውቂ ትችያለሽ። አትደንግጪ። ጊሽጣ፣ ዘይቱን፣ ተምር ታውቂያለሽ፤ በእነሱ ጀምሪ፣ ከጎንሽ ያለው ነባር ቀማሽ እያረመሽ ይሄዳል።

ኤስፕሬሶ ቤቱን በተመለከተ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን ቡናውን ከማን እንደምትገዢ ሳታውቂ ቁጠባሽን ማሽን ላይ አትጨርሺው። ከብሩ ላይ ጥቂት አንስተሽ ኅዳር ላይ በደኖ ውጪ። ለቀማውንና ማስጫውን እዪ፣ ለአንድ ኪሎ ቀይ ፍሬ ስንት እንደሚከፈል ጠይቂ።

ለቀማው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ፣ ናሙና ክፍሎች ሥራ ሳይበዛባቸው መስከረም ላይ ማመልከቻሽን አስገቢ። ሲቪሽ ላይ ኦሮምኛ መቻልሽን ከዲግሪሽ ቀጥሎ ጻፊው፤ ታች አትቅበሪው።