ሞዴሉና ዝርዝሩ ሲጣሉ

በውሃና በአደጋ ሥራ ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

የደቻቱን ወንዝ የድሬዳዋ ሰው የሚያውቀው በአሸዋነቱ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን በደጋው የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሰውን በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ደራሽ ጎርፍ በሰዓታት መጥቶ ይሄዳል፤ ሳተላይት እስኪያልፍ አይጠብቅም። ለጉዳት ገማቹ የሚተርፉት ጭቃው፣ በግድግዳ ላይ የቀረው የውሃ መስመርና ቀበሌው የመዘገበው የተጎጂዎች ዝርዝር ናቸው።

የጎርፍ ሞዴል የሚባለው የኮምፒውተር ስሌት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡን፣ የመሬቱን ከፍታና የወንዙን ቅርጽ ስትሰጡት ውሃው የት፣ በምን ያህል ጥልቀት ደርሶ ሊሆን እንደሚችል ያሰላል። ፈረሰ የተባለው ቤት ውሃ በማይወጣበት ዳገት ላይ ከሆነ ጠይቁ። መጠየቅ ነው ያልኩት፤ መሰረዝ አይደለም። ኮምፒውተር የያዘ ወጣት ለመሰረዝ ይቸኩላል።

በነጻ ከሚገኘው የከፍታ መረጃ አንዱ ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር በ1992 ዓ.ም. የተለካ ነው፤ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። በመጋላ በዚያ ስፋት ውስጥ ስንት ቤትና ስንት ቀጭን መንገድ ይገባል! ራዳሩም ጣሪያውንና ዛፉን ከመሬቱ ጋር ስለሚደባልቅ፣ ቤት የበዛበት ሰፈር ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሞዴሉም ውሃውን ከዚያ ያርቃል። በ1998ቱ ጎርፍ ማግስት የተሠራውን የወንዝ ግንብ ደግሞ ያ መረጃ ጭራሽ አያውቀውም። ጥልቀትን ወደ ብር የሚቀይረውን ሠንጠረዥም ከሌላ አገር እንዳለ አታምጡት፤ የብሎኬት ቤት ታጥቦ የሚኖርበትን ውሃ የጭቃ ቤት አይችለውም።

ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የተጋነነ ቁጥርን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፦ ሞዴሉ አንድ ሜትር ውሃ ያሳያል፣ ዝርዝሩ ባዶ ነው። ቅጹ የቤት ባለቤት ሲጠይቅ ተከራይዋ ትቀራለች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋም አብሮ ይቀራል። አሸዋው ላይ ዕቃውን ያሳደረ ነጋዴም ቤት ስላልፈረሰበት አይመዘገብም። ለእኔ የሞዴል ትልቁ ጥቅም እነዚህን ፈልገን እንድናገኝ ማድረጉ ነው።

ካርታውን አትማችሁ፣ ሜትር ይዛችሁ፣ ከሰፈሩ እናቶች ጋር ቤት ለቤት ሂዱ። ክረምት ላይ ከሆነ ፍጠኑ፤ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳው ከተቀባ የውሃው መስመር አብሮ ይጠፋል።