ሰኞ የትምህርት ቀን ነው

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባቲ የምትኖሪ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነሽ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ገበታ ትቀሪያለሽ፤ ለእናትሽ ማሽላና ጤፍ ስትመዝኚ፣ ዱቤ ስትጽፊ፣ መልስ ስትሰጪ ትውያለሽ። እናትሽም «ደብተር ተውሰሽ ማታ ገልብጪ፤ ዋናው ፈተናውን ማለፍ ነው» ይሉሻል። የ9ኛ ክፍል ተማሪው ወንድምሽ ግን ሰኞም ይማራል። የጠየቅሽኝ ስለ ሙያ ምርጫ ነበር። እኔ ግን ይህን የሰኞ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

እስቲ እናስላው። በሳምንት አምስት የትምህርት ቀን አለ። በየሳምንቱ አንዱ ከጎደለ በአምስት ዓመት ውስጥ የጎደለው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይሆናል። ከ7ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ደግሞ ልክ አምስት ዓመት ነው። «ሒሳብ አይገባኝም፤ ጭንቅላቴ ደካማ ነው መሰለኝ» ብለሻል። በገበያ ግርግር መሀል ሳትሳሳቺ የምትደምሪ ልጅ ጭንቅላቷ ደካማ አይደለም። ሰኞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ እንዳለሽ ራስሽ ጽፈሻል። መምህሩ አዲሱን ርዕስ ሰኞ ይጀምራሉ፤ አንቺ ማክሰኞ ስትደርሺ ክፍሉ መልመጃ ላይ ነው። የተዋስሽው ደብተር መልሱን ይዟል፤ ጓደኛሽ ተሳስታ መምህሩ እንዴት እንዳረሟት ግን የለበትም። ሒሳብ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

«ዋናው ፈተናው ነው» የሚለው አባባል የትናንት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ብሎም 8.4 በመቶ ነበር። በመጨረሻው ወር ሌሊቱን ሙሉ በማጥናት የሚታለፍ ፈተና አይደለም።

የእናትሽን ድካም አልንቅም። ኮምቦልቻ በሠራሁባቸው ዓመታት የባቲን ገበያ አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ያልተሸጠ እህል እስከሚቀጥለው ሰኞ እንደሚያስጨንቅም አውቃለሁ። ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ የአንቺ ጉልበት በነፃ የተገኘ አይደለም። ዋጋውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ወንድምሽ ሳይነካ አንቺ ብቻ መቅረትሽን ደግሞ በችግር ማመካኘት አይቻልም። ችግር ሴትና ወንድ አይለይም፤ የሚለየው ሰው ነው።

እናትሽ ዕቁብ እንደሚጥሉ ጽፈሻል። «በየሳምንቱ ባልጥልም መጨረሻ ላይ አጠቃልዬ እከፍላለሁ» የሚል አባል ቢመጣ ዳኛው ይቀበሉት እንደሆነ ጠይቂያቸው። ይህን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል።

ከዚያ አብራችሁ ተነጋገሩ። በመጀመሪያ፣ እናትሽ የክፍል ኃላፊ መምህርሽን በአካል ያግኙ፤ የቀሪ መዝገቡን ከፍተው እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ። በስምሽ ትይዩ በየሰኞው የተደረገውን ምልክት በዓይን ማየት እኔ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል። ትምህርት ቤትሽ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ከሰኞው ግማሹ ለገበያ ይበቃል። ካልሆነ፣ እህሉን እሑድ ማታ አብረሽ መዝነሽ በየከረጢቱ አዘጋጂ፤ የዱቤውን መዝገብ ሰኞ ማታ አስተካክዪ፤ ለመሸከሙና ለመስፈሩ የሰኞ ብቻ ሠራተኛ ይፈለግ። ደመወዙ ከትርፉ ይነሳል፤ አዎ፣ ይጎዳል። ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ሰኞን ከወንድምሽ ጋር ተራ ግቡ። እርሱም እንዲቀር መምከር አልወድም፤ ነገር ግን ሸክሙ የቤተሰብ ከሆነ በአንድ ትከሻ ላይ አይቀመጥም። ወላጆችሽ ፊደል ባይቆጥሩም ማታ ደብተርሽን አስከፍተው «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ማለት ይችላሉ። የሚጠየቅ ልጅ አይቀርም።

ቴክኒክና ሙያ ብትገቢ ያሳፍር እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አያሳፍርም። እኔ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ ነው እንጀራ የበላሁት፤ ለአንቺም ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው ግን አብዛኛው በእጅ የሚሠራ ነው፤ ሽቦ ማገናኘት የተማሩበት ቀን ከሌላ ሰው ደብተር አይገለበጥም። በኋላ በፋብሪካ ሠራተኛ ስቀጥርም ተቆጣጣሪዎቹ ስለ አዲስ ሰው አስቀድመው የሚጠይቁኝ «በሰዓቱ ይገባል? ይቀራል?» ብለው ነበር።

አጎትሽ ወደ ሳዑዲ ስለመሄድ የሚያነሱትን ሐሳብ አሁን አትቀበዪ፤ በጅቡቲና በየመን በኩል የሚኬደው መንገድ ስንት የወሎ ልጅ እንደበላ እናንተ ቤት የሚያውቅ አይጠፋም። በወር አበባሽ ጊዜ የምትቀሪውንም ቀን ለአንዲት ሴት መምህርት ንገሪ፤ መፍትሔ አለው።

ይህን ደብዳቤ እሑድ ማታ ለእናትሽ አንብቢላቸው። ያሉትን ጻፊልኝ፤ እርሳቸውም መልስ ወይም ወቀሳ ካላቸው በአንቺ እጅ ያስጽፉልኝ፤ እመልሳለሁ።